የአሜሪካን ምርጫ ከካዛንቺስ ሆኖ ስለ መገመት

በዚህች አጭር ጽሑፍ ለአንባብያን ለማስረዳት የፈለግሁት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ሒሳብ ምን እንደሆነና ውጤቱንም ምርጫው ከመደረጉ በፊት በየስቴቱ መገመት እንዴት እንደሚቻል ነው። በእኛ ሰፈር በቂርቆስና በካዛንቺስ አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ ብዙ ስለሆነ፣ በየአራት ዓመቱ የጥቅምት ወር መጨረሻ ሲደርስ በየቡና ቤቱ ክርክር ይነሣል። ተከራካሪዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሕዝቡ እገሌን ይወዳል፤ ስለዚህ እገሌ ያሸንፋል» ከማለት አያልፉም። ይህ አባባል በአሜሪካም ሆነ በኢትዮጵያ ምርጫ እንደማያዋጣ አንባቢ ከዚህ ቀጥሎ ይመለከታል። የአሜሪካን ነገር የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያን የሚመለከቱት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን እንደራሴዎች ነው። የእነዚህ መራጭ እንደራሴዎች ቁጥር በጠቅላላው 538 ሲሆን ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ስቴት የሚደርሰው በተወካዮች ምክር ቤትና በሴኔት ባሉት አባላት ቁጥር ልክ ነው፤ ዋና ከተማው ዋሽንግተን ደግሞ 3 ይደርሰዋል። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ማንኛውም ስቴት በሴኔት 2 አባላት ስላሉት ትናንሾቹ በዚህ ይጠቀማሉ። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዋዮሚንግ 576,851 ሰዎች ሲኖሯት የተሰጧት መራጮች 3 ናቸው፤ ካሊፎርንያ ደግሞ 39,538,223 ሰዎች ይዛ 54 አላት። ይህን ብናካፍለው በዋዮሚንግ አንድ መራጭ ለ192 ሺህ ያህል ሰዎች፣ በካሊፎርንያ ግን ለ732 ሺህ ያህል ሰዎች ይቆማል ማለት ነው። በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በ54ኛው አንቀጽ፣ ከ550 ከማይበልጡት የምክር ቤት መቀመጫዎች ቢያንስ 20ው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች እንዲሆን ያዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በሌሎቹ ስቴቶች ሁሉ፣ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ተወዳዳሪ የስቴቱን መራጮች ጠቅልሎ ይወስዳል። የተሸነፈው ሚሊዮን ድምፅ ቢያገኝም ከዚያ ስቴት የሚያተርፈው የለም። የኢትዮጵያም ሕግ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ከሌሎቹ ብልጫ ያገኘው መቀመጫውን ይወስዳል፤ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስረዳሁት እንዲህ አድርጌ ነው። በአንድ ክፍል 5 ረድፍ አለ እንበል፤ በየረድፉም 9 ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ድምር 45 ይሆናል። ለክፍል አለቃነት የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው፤ ሦስት ረድፍ ያሸነፈው አለቃ ይሆናል። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ በሦስቱ ረድፎች 5 ለ4 አሸነፈ፤ በሁለቱ ረድፎች ግን አንድም ድምፅ አላገኘም። እንግዲህ ቁጠሩት። አሸናፊው ያገኘው 15 ድምፅ ብቻ ነው፤ ተሸናፊው 30 አግኝቷል። እጥፍ ድምፅ ያገኘ ሰው ተሸነፈ! አንዳንዶቹ ጓደኞቼ «ይህ ማጭበርበር ነው» አሉኝ፤ ነገር ግን ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ጉዳዩ ደጋፊዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው።

በእውነተኛው ዓለምም ይህ ደርሷል። በ2000 ዓል ጎር ከጆርጅ ቡሽ በግማሽ ሚሊዮን ያህል ድምፅ በልጦ ሳለ፣ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ብቻ ስላጣ ፕሬዚዳንትነቱን አጣ። በ2016 ደግሞ ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ በ2.9 ሚሊዮን ያህል በልጣ ተሸንፋለች። ስለዚህ ገማች የሚጠይቀው ጥያቄ «ስንት ሰው ይወደዋል?» ሳይሆን «የሚወዱት ሰዎች የት ይኖራሉ?» የሚል መሆን አለበት።

አሁን ወደ ግምቱ እንግባ። የምርጫው ተወዳዳሪዎች በሐሳብ የፈጠርናቸው ስለሆኑ፣ ዴሞክራቱን «ሀ»፣ ሪፐብሊካኑን «ለ» ብለን እንጥራቸው። መጀመሪያ የሚደረገው ሥራ የማያጠራጥሩትን ስቴቶች ለየባለቤታቸው መስጠት ነው። ካሊፎርንያ ከ1992 ጀምሮ ከዴሞክራቶች አልወጣችም፤ ቴክሳስ ከ1980 ጀምሮ የሪፐብሊካን ናት። ዋሽንግተን ከተማ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት ከመረጠ ጀምሮ አንድ ጊዜም እንኳ ለሪፐብሊካን አልሰጠም። በእነዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት ከንቱ ነው። በ2024 ብዙ ክርክር የተደረገባቸው ሰባት ስቴቶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ፔንሲልቬንያ 19፣ ጆርጂያ 16፣ ሰሜን ካሮላይና 16፣ ሚሺጋን 15፣ አሪዞና 11፣ ዊስኮንሲን 10፣ ኔቫዳ 6 ናቸው። ድምራቸው 93 ነው። እነርሱን ወደ ጎን ትተን የቀረውን በ2024 ውጤት ብናከፋፍል፣ ሀ 226፣ ለ ደግሞ 219 ይይዛሉ። እንግዲህ ሀ 44 ይጎድለዋል፤ ለ 51 ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬንያና ዊስኮንሲን ሲደመሩ ልክ 44 ይሆናሉ። ሀ ሦስቱን ብቻ ቢወስድ 270 ይሞላለታል፤ አንድም አይተርፍም፣ አንድም አይጎድልም። ከነብራስካ የሚያገኛት አንዲት ድምፅ ብታመልጠው ግን 269 ለ269 እኩል ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን እያንዳንዱ ስቴት አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል፤ ዋዮሚንግና ካሊፎርንያ እኩል ሆኑ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚደረገው፣ ባለፈው ምርጫ በየስቴቱ የታየውን ልዩነት ወስዶ፣ የሕዝቡ ሐሳብ በሁሉም ቦታ እኩል ቢናወጥ ምን እንደሚሆን ማስላት ነው። በ2024 ሰባቱንም የወሰደው ትራምፕ ሲሆን፣ ከካማላ ሃሪስ የበለጠው ከመቶ በዊስኮንሲን 0.9፣ በሚሺጋን 1.4፣ በፔንሲልቬንያ 1.7፣ በጆርጂያ 2.2፣ በኔቫዳ 3.1፣ በሰሜን ካሮላይና 3.2፣ በአሪዞና 5.5 ነበር። ልዩነቱ በየስቴቱ ከመቶ 1 ወደ ሀ ቢያዘነብል፣ ዊስኮንሲን ብቻ ትገለበጥና ሀ 236 ይሆናል። ከመቶ 2 ቢያዘነብል ሚሺጋንና ፔንሲልቬንያ ተከትለው 270 ይሞላል። ከመቶ 3.5 ቢሆን ጆርጂያ፣ ኔቫዳና ሰሜን ካሮላይና ተጨምረው 308 ይደርሳል። ወደ ለ ቢያዘነብል ግን ነገሩ እንዲህ አይፈጥንም፤ ከመቶ 3 ቢጨመርለት የሚያገኘው ኒው ሃምፕሺርን ብቻ ነው፤ ከ312 ወደ 316 ይወጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ከመቶ 2 ማለት ስንት ሰው እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ? ከመቶ ሰዎች አንዱ ብቻ ሐሳቡን ለውጦ ከለ ወደ ሀ ቢሄድ፣ ለ አንድ ያጣል፣ ሀ አንድ ያገኛል፤ ልዩነቱ በ2 ተለወጠ። ስለዚህ ከመቶ 99ኙ ከሐሳባቸው ሳይነቃነቁ ፕሬዚዳንቱ ይለወጣል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ ደርሰናል። ሰባቱ ስቴቶች እያንዳንዳቸው ሃምሳ በሃምሳ ናቸው ብንል፣ አንድ ሰው ሰባቱንም የመውሰዱ ዕድል ምን ያህል ነው? ሳንቲም ሰባት ጊዜ ወርውረን ሰባቱንም ጊዜ የአንበሳው ፊት እንዲወጣ እንደ መጠበቅ ነው ብለን ብናሰላ፣ ከ128 አንድ ጊዜ ይሆናል። በ2024 ግን ይኸው ሆነ። በ2016ም ከምርጫው በፊት የተደረጉት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች በዊስኮንሲን፣ በሚሺጋንና በፔንሲልቬንያ ለክሊንተን አዳልተው ነበር፤ በሦስቱም በአንድነት ተሳሳቱ። ትራምፕ ሦስቱን የወሰደው በጠቅላላው 80 ሺህ በማይሞላ ብልጫ ነው። ሦስቱ ስቴቶች ከ1992 ወዲህ በሁሉም ምርጫ አብረው ወደ አንድ ወገን ሄደዋል፤ ሳንቲሞች ግን አንዱ ሌላውን አይከተልም።

ለዚህ ከአዲስ አበባ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። ከተማችን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫዎች አሏት። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ፤ ለከተማው ምክር ቤትም ከ138ቱ መቀመጫዎች 137ቱን አገኘ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ሲወስድ፣ ለመድረክ አንድ ብቻ ቀረ። ስለ ሁለቱም ምርጫዎች አፈጻጸም ብርቱ ክርክር ተነሥቷል፤ በ1997ቱም የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን መመርመር ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ያልፋል፤ እኔ የማነሣው ሒሳቡን ብቻ ነው። ምርጫ ክልሎቹን እንደ 23 ሳንቲሞች ብንቆጥራቸው፣ ሁሉም ለአንድ ተወዳዳሪ የመውጣታቸው ዕድል ከ8,388,608 አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዕድል አይመጣም። የካዛንቺስ፣ የመርካቶና የጉለሌ ሰው አንድ ዓይነት ታክሲ ይሳፈራል፤ አንዱን ራዲዮ ይሰማል፤ ጤፍም ሲወደድ ለሁሉም ይወደዳል። ስለዚህ አንዱ ሰፈር ሲያዘነብል ሌላውም አብሮት ያዘነብላል። ከ23ቱ በአንዱ የተሳሳተ ገማች በብዙዎቹ መሳሳቱ አይቀርም።

ደግሞም በእኛ አገር ያለፈውን ውጤት ይዞ የመጪውን መገመት ከአሜሪካ ይልቅ ያስቸግራል። ቅንጅት የተቋቋመው ከ1997ቱ ምርጫ በፊት በነበሩት ወራት ነው፤ የ1992ቱን ውጤት ይዞ ለተቀመጠ ገማች በመዝገቡ ውስጥ ስሙ እንኳ አልነበረም። በአሜሪካ ግን እነዚያው ሁለት ፓርቲዎች ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲወዳደሩ ኖረዋል።

ሁሉም ቦታ እኩል ያዘነብላል የሚለውም ደንብ ቢሆን ግምት እንጂ እውነት አይደለም። ከ2020 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ዊስኮንሲን ወደ ሪፐብሊካን የተናወጠችው ከመቶ 1.5 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ኒው ዮርክ ግን ከ10 በላይ ተናውጣለች፤ ሆኖም ዊስኮንሲን ተገለበጠች፤ ኒው ዮርክ ከዴሞክራቶች አልወጣችም። በሜሪላንድ የሚኖረው አጎቴ በስልክ «እዚህ አገር ሁሉም ሰው ዴሞክራት ነው» ይለናል። እውነቱን ነው፤ ሜሪላንድ ከ1992 ጀምሮ በሁሉም ምርጫ ለዴሞክራት ሰጥታለች። ነገር ግን የሚነግረን የሜሪላንድን ነገር ብቻ ነው። የእናቴ ጓደኛ ያለችው በላስ ቬጋስ፣ ማለት በኔቫዳ ነው፤ ይህች ስቴት በ2020 በ33,596 ድምፅ ወደ ባይደን፣ በ2024 ደግሞ በ46 ሺህ ያህል ድምፅ ወደ ትራምፕ ሄዳለች። ስለዚህ የእርሷ ድምፅ ከአጎቴ ድምፅ ይልቅ ይከብዳል አልሁት። አጎቴ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም፤ የዜግነት መሐላ የፈጸመው ልክ እንደ እርሷ መሆኑን ነገረኝ።

በመጨረሻም ገማች ሊዘነጋው የማይገባ ነገር የሰው መዛወር ነው። አሜሪካኖች በየ10 ዓመቱ ሕዝባቸውን ቆጥረው የስቴቶቹን ድርሻ ያስተካክላሉ። ከ2020 ቆጠራ በኋላ ቴክሳስ ከ38 ወደ 40፣ ፍሎሪዳ ከ29 ወደ 30 ከፍ ሲሉ፣ ካሊፎርንያ ከ55 ወደ 54፣ ኒው ዮርክ ከ29 ወደ 28 ዝቅ ብለዋል። ስለዚህ የ2020ን ካርታ ይዞ የ2024ን የደመረ ሰው ድምሩ ይዛባበታል።

በእኛም ሰፈር ይኸው ነገር በዓይናችን ፊት ሆኗል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች እንደሆነ ይነገራል። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ከሰፈሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። የ1997ንም ሆነ የ2002ን ድምፅ በካዛንቺስ የሰጡት ብዙዎቹ ዛሬ በዚያ የሉም። የምርጫ ክልሉ ቁጥር ያው ሊሆን ይችላል፤ ሰዉ ግን ሌላ ነው። ያለፈውን ውጤት ገልብጦ «ካዛንቺስ እንዲህ ይመርጣል» የሚል ሰው፣ የሚናገረው ስለ ሄዱት ሰዎች ነው።

በምርጫ ሕጋችን አንድ ሰው ለመመዝገብ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ጓደኛዬና እኔ ዘንድሮ 18 ሞልቶናል። ተወልደን ያደግነው ካዛንቺስ በአንድ ግቢ ነው። አሁን እርሱ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ይሳፈራል። ባለፈው ሳምንት የ23ቱን ምርጫ ክልሎች ግምት በደብተራችን ስንሞላ፣ የእኔን ቤት በቂርቆስ ጻፍነው፤ የእርሱን ግን አዲሱን ሰፈሩን ገና ስላላወቅነው ባዶውን ተውነው።