ገናን ሁለት ሆኖ መጫወት

ታኅሣሥ 29 ቀን በመንዝ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የልጆችን የገና ጨዋታ ከሩቅ ይለየዋል። እሩሯ ወደ ሄደችበት ሁሉም ተንጋግቶ ይሮጣል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ስለዚህ አምና ለታናናሾቻችን የሁለት ሰው አጨዋወት ላስተምር ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ እሩሯን በዱላው እየገፋ ይመጣል፤ ጓደኛው ቀድሞ ሄዶ ከተከላካዩ ጎን ይቆማል። ባለእሩሩ የቋሚውን ትከሻ ታክኮ ሲያልፍ ተከላካዩ መንገድ ያጣል። በመካከላቸው ክፍተት ከተዉ ግን ሾልኮ ይገባል። ሌላ ተከላካይ ባለእሩሩን ሊይዝ ከመጣ፣ ቋሚው ፈጥኖ ወደ ተጋጣሚው ዳርቻ ይዞርና እሩሯን ይቀበላል።

ዋናው ግን መቆም ነው። እኔ ራሴ ሳሳያቸው ከተከላካዩ ጋር አብሬ ተራመድሁና ዱላዬ የአንዱን ልጅ ቅልጥም መታው። ሁለት ሳምንት አነከሰ። እናቱ «ትምህርት ማለት ይህ ነው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

በቅርጫት ኳስም ሆነ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ባስገኙት፣ ጫፉ መረብ ባለው ዱላ በሚጫወቱት በላክሮስ፣ እየተንቀሳቀሱ ተከላካይን መጋፋት ጥፋት ነው፤ ዳኛም ይቀጣል። በእኛ ሜዳ ዳኛ ስለሌለ ደንቡን የሚያኖረው አስተማሪው ነው። ከዚያ ወዲህ ቋሚው ዱላውን አስቀምጦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ እንዲለማመድ አደረግሁ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላም በሩጫ። ዱላውን የሚያነሣው መቆም ሲለምድ ነው።

ያ ልጅ ዘንድሮ ሁልጊዜ ቋሚ ልሁን ይላል። እግሩን ከተከለ በኋላ እኔም አልነቀንቀውም።