የኋላ በሩን ሰፊ አድርጊው

ቆዪ እስኪ፣ እርሳሱን አስቀምጪና አንዴ ስሚኝ። ንድፉን ከኋላሽ ቆሜ እያየሁት ነው። የጎኖቹ ቅርጽ ያምራል፣ ዘንበል ያለው የፊት ሰሌዳም ልክ ነው። ኋላውን ግን ዙሪያውን በብሎን የሚታሰር ወጥ ጣውላ አድርገሽዋል። መጀመሪያ የምትቀይሪው እሱን ነው። ማጠፊያ ያለው በር አድርጊው፤ ሁለት ክንድና አንድ የእጅ ባትሪ አብረው የሚገቡበት ስፋት ይኑረው። የአርኬድ ሳጥን አንዴ ጨርሰሽ የምትገላገይው ዕቃ አይደለም። የበተን ሽቦ ይነቀላል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል፣ አዲስ ጌም መጨመር ያምርሻል። በቀላሉ የሚከፈተው ሳጥን ይጠገናል። ለመክፈት የሚያስቸግረው ደግሞ ሁለተኛ ብልሽት ሲመጣ ጥግ ይይዝና ዕቃ ይደረደርበታል።

እንጨቱ እንግዲህ ይቆይ። ራዝቤሪ ፓዩን፣ ቻርጀሩን፣ ስክሪኑንና ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ በተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ አንድ ጌም ተጫወቺ። ይህ ከሠራ ፓዩም ካርዱም ጌሙም ደህና ናቸው፤ በኋላ አንድ በተን እምቢ ቢልሽ ጥፋቱን በተኖቹን ከፓዩ ጋር ከሚያገናኘው ሰሌዳ፣ ከኢንኮደሩ፣ እና ከሽቦው ላይ ብቻ ትፈልጊያለሽ። ከዚያ ኢንኮደሩን ሰክተሽ አንድ በተን ብቻ አስገቢ። ሠራ? ሁለተኛውን። በተኖቹን የምትደረድሪበት ሰሌዳ ለጊዜው ካርቶን ይሁን። የጫማ ካርቶን ብሺና እጅሽን አሳርፈሽ ደህና አድርገሽ ተጫወቺበት። አቀማመጡ የእጅ አንጓሽን የሚያደክም ከሆነ ሌላ ካርቶን መብሳት ምንም አይደለም፤ የተበሳ ጣውላ ግን አይደፈንም።

ስንት በተን እንደሚያስፈልግሽ የሚነግሩሽ ልትጫወቻቸው የምትወጃቸው ጌሞች ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ናምኮ ያወጣው ፓክማን ጆይስቲክ ብቻ ነው የሚፈልገው። በ1991 የመጣው የካፕኮም ስትሪት ፋይተር 2 ደግሞ ለአንድ ተጫዋች ስድስት በተን ይጠይቃል፤ ሦስቱ ለቡጢ፣ ሦስቱ ለእርግጫ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት፣ አንድ የማስጀመሪያ፣ አንድ የሳንቲም በተን አድርጊ። ከእነዚህ ሌላ አንዲት ትንሽ በተን ከሰሌዳው ሥር ወይም ከጎን በኩል ደብቂ። ከጌም መውጫዋ እሷ ትሁን። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል። ፓዩ ላይ ጌሞቹን የሚያስነሣውን ሬትሮፓይ የሚባል ሶፍትዌር እንዳለ ስትጭኚው ከጌም የሚያስወጣው ሁለት በተን አብሮ መጫን ነው፤ እነዚያ ሁለቱ የሳንቲምና የማስጀመሪያ በተን ከሆኑ፣ የአክስታችን ልጅ በጉጉት ሁለቱንም አንድ ላይ በጫነ ቁጥር ጌሙ ከእጁ ይጠፋል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ በተኑ ቦታው ነው የተሳሳተው።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ይኑርሽ። በእያንዳንዱ በተን ሥር ማይክሮስዊች አለ። ሦስት እግር ካለው አንዱ የጋራ ነው፣ አንዱ ስትጫኚ የሚገናኝ፣ ሌላው ስትጫኚ የሚለያይ። የምትፈልጊው የጋራውንና ስትጫኚ የሚገናኘውን ነው። በተሳሳተው ላይ ከሰካሽው ጌሙ ውስጥ ያለው አውሮፕላን ሳትነኪው ሲተኩስ ይውላል፣ ስትጫኚ ደግሞ ያቆማል። ይህን ምልክት ካየሽ ሌላ ነገር አትፈልጊ፣ ሽቦውን ወደ ጎረቤቱ እግር አዛውሪው። በተን ላይ በስታኞ አትበይጂ፤ ተሰኪ ጫፍ ተጠቀሚ፣ የሚበላሸው በተን በደቂቃ ይቀየርልሻል። ጫፉን ከመግዛትሽ በፊት ግን የእግሩን ስፋት ለኪ፤ አንዳንዱ 4.8 ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንዱ 2.8።

የጆይስቲኩ ነገር ሰውን ያደናግራል። ዘንጉን ወደ ላይ ስትገፊው ሥሩ ያለው ጫፍ ወደ ታች ይሄዳል፤ የሚጫነውም የታችኛውን ማይክሮስዊች ነው። ስለዚህ የ"ላይ" ሽቦ የሚገባው ታች ነው፣ የ"ቀኝ" ሽቦ ግራ። ላይ ስትዪው ወደ ጎን ከሄደ ደግሞ ጆይስቲኩ ራሱ ሩብ ዙር ዞሮ ታስሯል ማለት ነው።

አንዳንድ ኢንኮደር ለሁሉም በተን አንድ የጋራ መመለሻ ሽቦ ይሰጥሻል፤ ከበተን ወደ በተን እየዘለለ ይሄዳል። በዚህ ዓይነቱ ላይ አንድ በተን ብቻ ከሞተ ችግሩ የራሱ ሽቦ ነው። ከአንዱ ጀምሮ ያሉት ሁሉ ከሞቱ ግን የጋራው ሽቦ በመጨረሻው በሚሠራውና በመጀመሪያው በሞተው በተን መካከል ተነቅሏል። ቀጥታ እዚያ ሂጂ። በየገበያው በብዛት የሚገኘው "ዜሮ ዲሌይ" የሚባለው ርካሽ ሰሌዳ ደግሞ ለእያንዳንዱ በተን የራሱን ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ይሰጣል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ለሁለት ተጫዋች ሁለት ስትገዢ ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ ሳጥኑ በተነሣ ቁጥር ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ እንደሆነ ሊለዋወጥ ይችላል። ሽቦ ፍለጋ አትግቢ፣ ምንም አልተበላሸም። ከቻልሽ ለሁለት ተጫዋች ተብሎ የተሠራ አንድ ኢንኮደር ግዢ። ካልሆነም የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አትቀያይሪ፣ ፓዩ ላይም ቀዳዳውን እያየ ቁጥር እንዲሰጥ አድርገሽ አስተካክዪው።

ፓክማንን የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በይ። ያ ጌም የተሠራው አራት አቅጣጫ ብቻ ባለው ጆይስቲክ ነው። በስምንት አቅጣጫ ስትጫወቺው ከቀኝ ወደ ላይ ልትታጠፊ ስትዪ መሀል ላይ ሁለቱም ማይክሮስዊቾች አብረው ይገናኛሉ፣ ፓክማንም መታጠፊያውን ያልፈዋል። ሰው "እጄ ሰነፈ" ብሎ ራሱን ይወቅሳል፣ እጁ ግን ደህና ነው። የብዙ ጆይስቲክ ሆድ ላይ እንቅስቃሴውን የሚገድብ የፕላስቲክ ሰሌዳ አለ፤ ፈትተሽ ስታዞሪው አራት አቅጣጫ ብቻ ይሆናል። ሰፊ በር ስጪው ያልኩሽ ለዚህም ነው፤ እሱን ለማዞር እጅሽ ሥሩ መድረስ አለበት።

ጌም አልከፈት ሲልሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውን ልንገርሽ። ስሙን ትመርጫለሽ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወደ ዝርዝሩ ይመልስሻል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብለሽ ሌላ ታወርጃለሽ፣ ያው ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የድሮ የአርኬድ ማሽኖችን የሚያስመስለውን፣ ሜም የሚባለውን ኢሙሌተር ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 1997 አወጣው፣ ከዚያ ወዲህ ሥራው አልቆመም። ሠሪዎቹ የድሮ ማሽኖቹን ቺፕ እንደገና በትክክል ባነበቡ ቁጥር ሮም የሚባሉት የጌም ፋይሎች ይዘት ይለወጣል። ስለዚህ ሮምና ኢሙሌተር የአንድ ዘመን ልጆች መሆን አለባቸው። ሬትሮፓይ ላይ ያለው ሜም 2003 የሚፈልገው የሜም እትም 0.78 ዘመን ሮሞችን ነው፤ ለአዲሱ ሜም የተዘጋጀ ፋይል ብትሰጪው ላይቀበል ይችላል። ሌላም አለ፤ ከአንድ ጌም የተቀዳ ሌላ ቅጂ ከሆነ የዋናው ጌም ፋይል አጠገቡ ሊኖር ይገባል። የኒዮ ጂኦ ጌሞች ደግሞ የማሽኑን ባዮስ የያዘው ኒዮጂኦ የሚባለው ዚፕ ከጎናቸው ከሌለ አይነሡም። ዚፑንም አትፍቺው፤ እንደታሰረ ነው የሚነበበው።

ሮሞቹ ባለቤት እንዳላቸውም እወቂ። ሜም ራሱ በፈረንጆች ከ2016 ጀምሮ ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ፓክማን ግን ዛሬም የባንዳይ ናምኮ ንብረት ነው። ባለመብቶቹ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት የፈቀዷቸው ጥቂት ጌሞች በሜም የራሱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ ግሪድሊ፣ ሮቢ ሮቶና ስታር ፋየር ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሳጥንሽን መጀመሪያ በእነዚህ ፈትኚው። አንጀቴን የሚበላኝ እነዚያን ጌሞች የጻፉት ሰዎች ድካም ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳጥን ሰፈር አውጥተሽ በሳንቲም እንዳታስጫውቺበት፣ አደራ።

ስክሪን ስትመርጪ ኋላው የተነፋውን የድሮ ቲቪ ተዪው። ምስሉ ለእነዚህ ጌሞች ውብ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ሆዱ ውስጥ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። የሚያውቅ ባለሙያ አጠገብሽ ካልቆመ ሽፋኑን እንዳትከፍቺው። ያገለገለ ጠፍጣፋ የኮምፒውተር ስክሪን ይበቃሻል። ስትገዢ ግን ሻጩ ፊት አብሪው፣ ሶኬቱን ንቀዪው፣ መልሰሽ ሰኪው። ራሱ በራ? ውሰጂው። በተኑን ካልጫኑት የማይበራ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ሳጥኑን ከፍተሽ ልትነኪው ነው፣ ተዪው። ፓዩም ሲነሣ ስክሪን ካላገኘ ምስል ሳይልክ ሊቀር ስለሚችል፣ ድምፅ እየመጣ ስክሪኑ ከጠቆረብሽ መጀመሪያ ስክሪኑን አብሪና ፓዩን እንደገና አስነሺው። ፓይ 4 ከሆነ ገመዱን ከቻርጀሩ ቀዳዳ ቅርብ በሆነው ኤችዲኤምአይ ላይ ሰኪ። ቲቪ የምትጠቀሚ ከሆነ "ጌም ሞድ" የሚለውን አብሪለት፤ በተን ተጭነሽ ሰውዬው ዘግይቶ የሚዘል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የዘገየው ቲቪው ነው።

በእንጨቱ ላይ ብዙ አልልሽም፣ አናጢው ከኔ ይበልጣል። 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ጥሩ ነው፤ ሲቆረጥ ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና ማስክ አድርጊ። የጆይስቲኩ ዘንግ በዚያ ውፍረት ውስጥ አልፎ አጭር እንዳይቀር ሰሌዳውን ከሥር ትንሽ ያጎድጉደው። ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ መውጫ ይኑረው፤ ፓዩ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል፣ ጌሙም መንቀርፈፍ። መሠረቱን ደግሞ ከባድ አድርጊው። ጆተኒ ላይ ያደገ ልጅ ሲሸነፍ ጠረጴዛ ይገፋል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኤሌክትሪኩ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ካለ ጀርባውን አንብቢ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። የአርኬድ ፓወር ሰፕላይ አንዳንዱ ጎኑ ላይ የቮልት መምረጫ አለው፣ ከመሰካትሽ በፊት እሱን እዪ። የሶኬቱን ሽቦ ከበተኖቹ ሽቦ አርቂው። ከድምፅ ማጉያው ጥዝዝታ ከሰማሽ ማጉያውን ከፓዩ ቻርጀር ለይተሽ በራሱ ቻርጀር አስነሺው፤ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ፓይ 4 ባለ 5 ቮልትና 3 አምፒር ቻርጀር ይፈልጋል፣ ፓይ 5 ደግሞ እስከ 5 አምፒር። በስልክ ቻርጀር የሚነሣ ይመስልሻል፣ ይነሣልም። ከባድ ጌም ሲመጣ ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ሊል ይችላል። ይህ ማለት ቮልቱ ከ4.63 ወርዷል ማለት ነው። ጌም መሀል ላይ ይቆማል፣ ኢንኮደሩ ይጠፋና ይመጣል፣ አንቺም ሽቦ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ቻርጀሩን፣ ቀጥሎም ገመዱን ቀይሪ፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ቮልት ይበላል።

መብራት መጥፋቱን ማስቀረት አንችልም፣ ካርዱን ግን ማዳን ይቻላል። የሚሞተው እየተጻፈበት ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ ብትገዢለት ደስ ይለኛል። ካልተገኘ ፓዩን ካርዱ ላይ እንዳይጽፍ ማድረግ ይቻላል፣ ማስተካከያው ውስጥ አለ፤ ያኔ ግን ከፍተኛ ነጥብሽ ሳጥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እኔ ዩፒኤሱን እመርጣለሁ፣ ነጥብ መዝጋቢ የሌለው አርኬድ ሆድ አይሞላም። በሥርዓት የሚያጠፋ በተንም ጨምሪ። ሁሉም እንደተስተካከለ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ላፕቶፕሽ ላይ አስቀምጪ፤ ካርዱ ቢሞት በሌላ ካርድ ማታውኑ ትጫወቻለሽ።

አሁን ቴስተሩን አቀብዪኝ፣ አንቺ ደግሞ አንድ ከባድ ጌም ክፈቺ። ቮልቱን በፓዩ ሁለተኛና ስድስተኛ ፒን ላይ እንለካለን፤ ጫፉ የጎረቤቱን ፒን እንዳይነካ እጅሽን አጽኚ፣ ከነካ ፓዩ ሊቃጠል ይችላል።