ወጣቶቹ ሲቃወሙኝ

ጥያቄ፦ በ46 ዓመቴ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ለመማር ተመልሻለሁ። ዕድሜዬን ቡና ሳለማ ኖሬ፣ ልጆቼ የሚሆኑ ተማሪዎች ሲቃወሙኝ ይከነክነኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መቃወማቸው በጎ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዝምታቸው ነው። «ጋሼ» እያሉ የሚያከብሩዎት ልጆች ስህተትዎን አይተው ሊያልፉት ይችላሉ። በቡድን ሥራ ላይ መጨረሻ ይናገሩ፤ ቀድመው ከተናገሩ ውይይቱ እዚያው ያበቃል።

ልምድዎን ግን አይጣሉት። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ ተመራማሪዎች መፍትሔ ያገኙት የሌላው ፍሬ ሲጠቁር ጤነኛ ሆኖ የቆየውን ዛፍ እየፈለጉ ነው። 74110 የተባለው ዝርያ በፈረንጆቹ 1974 ከኢሉባቦር ተመረጠ። ዓይናቸው ያየውን ብቻ አላመኑም፤ በሽታውን ሆን ብለው እያስያዙ ፈተኑት።

እርስዎም «ጉንደላ (ያረጀ ቡናን ቆርጦ ማደስ) ምርት ይገድላል» የሚሉ ከሆነ፣ በየትኛው ማሳ፣ በምን ጥላ ሥር፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንዳዩት በደብተር ይጻፉ። የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ ስለማይሰጥ ቶሎ የፈረደ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ ደብተሩን ለአንዱ ወጣት ይስጡትና «የቱ ጋ ይጎድላል?» ይበሉት።