ዲስኩ ሰፍቶ ቦታው ለምን አልጨመረም? የትልልቅ ዲስኮችን መጠን ሲቀይሩ የሚያጋጥሙ ችግሮች

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው ኮለምበስና አካባቢዋ የበርካታ ዳታ ማዕከላት መቀመጫ ናቸው። ጎግልና ሜታ ማዕከላቸውን በጎረቤቷ ኒው አልባኒ የገነቡ ሲሆን፣ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሃዮ» ብሎ የከፈተው የክላውድ ቀጣናም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ይህን ቀጣና የመረጠ ደንበኛ የትም አገር ቢሆን ፋይሎቹ የሚቀመጡት እዚያ በተከራየው ዲስክ ላይ ነው።

ከ2017 ወዲህ የአማዞን ደንበኞች ዲስካቸውን ሰርቨሩን ሳያጠፉ ማስፋት ይችላሉ። ሆኖም 500 ጊጋባይት የነበረው ዲስክ ወደ 1000 ካደገና ክፍያውም ከጨመረ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም «ቦታ የለም» ሊል ይችላል። ዲስኩ ግን አልተበላሸም፤ ሥራው አላለቀም እንጂ።

ሦስቱ ደረጃዎች

የዲስክ ቦታ ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ዲስኩ ራሱ ነው፤ በእርሻ ቢመሰል መሬቱ ማለት ነው። ሁለተኛው ፓርቲሽን ሲሆን በመሬቱ ላይ የታጠረ አጥር ነው። ሦስተኛው ፋይል ሲስተም የሚባለው፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው መዝገብ ነው። መሬቱ ቢሰፋም አጥሩ ካልተገፋ፣ አጥሩ ቢገፋም መዝገቡ ካልታደሰ አዲሱ ቦታ አገልግሎት አይሰጥም።

ስለዚህ ለማስፋት ቅደም ተከተሉ ዲስክ፣ ፓርቲሽን፣ ከዚያም ፋይል ሲስተም ነው። ለመቀነስ ደግሞ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ ይጠባል፣ ቀጥሎ ፓርቲሽኑ። አጥሩ ቀድሞ ከተጠበበ ከአጥሩ ውጭ የቀረው መረጃ ሊጠፋ ይችላል። የቤተሰብ ቪዲዮም ሆነ የድርጅት ሒሳብ በዚህ ስሕተት ሊጠፋ ይችላል።

የተለመዱ እንቅፋቶች

በሊኑክስ ላይ ዲስኩ መቶ በመቶ ከሞላ ፓርቲሽኑን የሚያሰፋው ትዕዛዝ ራሱ ላይሠራ ይችላል፤ ለጊዜያዊ ፋይሉ ጥቂት ቦታ ይፈልጋልና። መፍትሔው አላስፈላጊ ፋይል መሰረዝ ወይም ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ማኅደር ለአጭር ጊዜ ወደ ራም ማዛወር ነው።

ከሚሰፋው ፓርቲሽን ቀጥሎ ሌላ ፓርቲሽን ካለም መንገዱ ይዘጋል። ባዶው ቦታ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ቢኖርም፣ በመካከል ያለው ካልተነሣ አጥሩ ሊገፋ አይችልም።

ሌላው እንቅፋት የቁጥር ወሰን ነው። በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ኤምቢአር የተባለው አሮጌው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ እያንዳንዱን አድራሻ ለ512 ባይት ስለሚመድብ ከ2 ቴራባይት በላይ አያውቅም፤ ከዚያ ለማለፍ ጂፒቲ የተባለው ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ኢኤክስቲ4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ደግሞ በ32 ቢት አድራሻና በተለመደው የ4096 ባይት ክፍፍል ከተፈጠረ 16 ቴራባይት ላይ ይቆማል። ከ2016 ወዲህ በወጡ የጥገና መሣሪያዎች ወደ 64 ቢት መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ፋይል ሲስተሙ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት። ትልቅ ዲስክ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህን ከመጀመሪያው ቢያስብበት በኋላ ከድካም ይድናል።

መቀነስ ከማስፋት ይከብዳል

ኢኤክስቲ4 ሥራ ላይ እያለ ሊሰፋ ይችላል፤ ለመቀነስ ግን ከአገልግሎት ወጥቶ ጤንነቱ መመርመር አለበት። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም በተግባር የተሠራው ለማደግ ነው። አማዞንም የተከራየ ዲስክን መቀነስ አይፈቅድም፤ ያለው አማራጭ አነስተኛ ዲስክ ተከራይቶ ፋይሎቹን ወደዚያ መገልበጥ ነው። ስለሆነም «ለማንኛውም ይብዛ» ብሎ ማስፋት በየወሩ የሚከፈል ዋጋ አለው።

ከመጀመር በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል። ቅጂው እዚያው ዲስክ ላይ ከተቀመጠ ዋስትና አይሆንም። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ በተለይ መጠን በሚቀነስበት ጊዜ፣ ዩፒኤስ ማዘጋጀት ይገባል፤ በመካከል የተቋረጠ ሥራ መዝገቡን ሊያበላሸው ይችላልና። በመጨረሻም ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ የሦስቱም ደረጃዎች መጠን ይነጻጸራል። ቁጥሮቹ የሚለያዩበት ቦታ ችግሩ ያለበት ቦታ ነው።