«ዛሬ በእኛ፣ ነገ በእናንተ» የተባለው የት ነው?

በዚህ እትም የትምህርት አምዳችን የምንመለከተው በታዋቂ ሰዎች ስም የሚነገሩ አባባሎችን ነው። ርዕሱን የሰጠኝ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር ሳስተምር፣ ሰሌዳው ላይ «ዛሬ በእኛ ሆነ፣ ነገ በእናንተ ይሆናል» ብሎ መጻፍ ልማዴ ነበር። ልጁ የንግግሩን የእንግሊዝኛ ቅጂ ከቤተ መጻሕፍታችን ተውሶ አነበበና «ቲቸር፣ ይህ ቃል የቱ ገጽ ላይ ነው?» አለኝ። አንድ ገጽ ዘለህ ይሆናል አልኩት። ማታ በፋኖስ ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። የለም።

ያለውን ልንገራችሁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1936) ንጉሠ ነገሥቱ መድረኩ ላይ ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሹ፤ ከአዳራሹም እንዲወጡ ተደረገ። ንግግሩ የተደረገው በአማርኛ ነው። ከአውሮፕላን ስለተረጨው የመርዝ ጋዝ ተናገሩ፤ ለትናንሽ መንግሥታት የተገባው ቃል ዋጋ አለው ወይ ሲሉ ጠየቁ፤ በመጨረሻም ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ አሉ። እንግዲህ የአባባሉ ሐሳብ በንግግሩ ውስጥ አለ፤ ቃሉ ግን የለም። ከመድረክ ሲወርዱ ተናገሩት የሚሉ አሉ። ቢሆንም እንኳ የንግግሩ ክፍል አይደለም፤ «ይባላል» ተብሎ መማር አለበት። እንደሚመስለኝ አባባሉ የገነነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አውሮፓ በጦርነት ስትነድ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊይዘው ስለፈለገ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ሕዝቡ ዳቦ አጣ ሲሏት «ታዲያ ኬክ አይበሉም?» አለች ይባላል። ነገር ግን ሩሶ የተባለው ጸሐፊ ይህንኑ ወሬ ስሟን ባልጠቀሳት አንዲት ልዕልት ላይ የጻፈው በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ማሪ አንቷኔት ያን ጊዜ ገና ኦስትሪያ ያለች ልጅ ነበረች፤ ፈረንሳይ የገባችው በ1770 ነው። ንግሥቲቱ ስትጠላ አሮጌው ወሬ ባለቤት አገኘ። የቮልቴር ነው የሚባለው፣ በሐሳብህ ባልስማማም የመናገር መብትህን ግን እስከ ሞት እከላከልልሃለሁ የሚለው ቃልም፣ እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. አንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ የእሱን አቋም ለመግለጽ የጻፈችው ነው።

ተቃራኒውም አለ። ወጣቶቻችን የሚያዜሙት የቦብ ማርሊ «ዋር» የተባለው የ1976 እ.ኤ.አ. ዘፈን ግጥሙ በአብዛኛው የተወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካደረጉት ንግግር ነው። ያም በአማርኛ የተነገረ ነው፤ ዘፋኙ የወሰደው የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ነው። እዚህ ላይ በእርግጥ የተነገረው ቃል የዘፋኙ መስሎ ቀርቷል።

ጉዳዩ የመጻሕፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቦታ ባልወሰድኩ። በሰፈራችን አንድ ቤተሰብ «ኃላፊው መኪና ሰኞ ይመጣል ብለዋል» ተብሎ ድስቱንና ብርድ ልብሱን ሸጧል። ሰኞም መኪና አልመጣም። ከኃላፊው አፍ ማን ሰማ ብለን ብንከታተል ሁሉም የሰማው ከሌላ ሰው ነበር፤ መጨረሻው የውኃ ሰልፍ ላይ ጠፋብን። አንዱ «በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰምቻለሁ» አለ፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ለተማሪዎቼ አርሜያለሁ። ባለፉት ዓመታት ከእኔ የተማራችሁም ደብተራችሁ ላይ «ይባላል» የሚለውን ጨምሩበት።

ለልምምድ፦ አንድ የምታውቁትን የታላቅ ሰው አባባል ምረጡ። ማን በጆሮው ሰማ? ከተነገረ ከስንት ዓመት በኋላ ተጻፈ? በየትኛው ቋንቋ ተነገረ? መልሳችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስጡ።