የደጋ አጋዘን አደን፦ የቀንድ ርዝመት በቂ መመዘኛ ነውን?

የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ በሚገኙት የባሌ፣ የአርሲና የሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የዱር እንስሳ ነው። ምስሉ በባለ 10 ሳንቲም ላይ ይታያል። ዝርያው በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ መነሻ የሆነውም አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ከሁለት ዓመት በፊት አድኖ የገደለው እንስሳ ነው። ዛሬ ቁጥሩ በጥቂት ሺዎች ብቻ የሚገመት ሲሆን የመጥፋት ሥጋት ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተመድቧል። ሆኖም በፈቃድ መታደኑ አልቀረም።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ስፖርታዊ አደን የሚካሄደው እንደ ሙኔሳ ኩኬና አባሸባ ደመሮ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ በተወሰነ ኮታና ከፍ ባለ ክፍያ ነው። የሚታደነውም ወንዱ ብቻ ነው።

ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ በመሆኑ አዳኙ የሚሻው ረጅም ቀንድ ነው። የተለመደው መከራከሪያም ረጅም ቀንድ ያለው እንስሳ ያረጀና ዘሩን የተካ ስለሆነ መገደሉ መንጋውን አይጎዳም የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በሰሜን አሜሪካ ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን አደን ዘንድ የታወቀ ነው፤ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የቀንድ ቅርንጫፎችን ቁጥር መሠረት ያደረገ ገደብ ወጣት ወንዶችን ከጥይት ያድናል። ነገር ግን ያ እንስሳ በሚሊዮኖች የሚቆጠር፣ ሴቷም ብዙ ጊዜ መንታ የምትወልድ ነው። ቀንዱንም በየዓመቱ እየጣለ እንደገና ያበቅላል።

በአማርኛ ሁለቱም አጋዘን ቢባሉም የደጋው አጋዘን በዝምድናው ወደ ከብት ወገን ይቀርባል። ቀንዱን ፈጽሞ አይጥልም፤ ሴቷም በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ከሁሉም በላይ፣ የቀንዱ እድገት ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጫፉም በመፋተግ ያልቃል። በመሆኑም በርዝመት ብቻ የሚመርጥ አዳኝ፣ ጫፉ ያለቀበትን አሮጌ ትቶ በመራቢያ ዕድሜው ላይ ያለውን ጎልማሳ ሊገድል ይችላል። ከቀንዱ ይልቅ የጠጉሩ መጥቆርና የሰውነቱ አቋም ዕድሜውን በተሻለ ይጠቁማሉ።

እርግጥ ነው፣ ዝርያውን ይበልጥ የጎዱት ሕገ ወጥ አደን፣ የእርሻ መስፋፋትና ልቅ ግጦሽ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጥበቃው ሲላላ በርካታ እንስሳት ተገድለዋል። ስለዚህ አደኑን መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ጫካውን የሚጠብቀው የአካባቢው ነዋሪም ከገቢው ተጠቃሚ መሆን አለበት። ኮታው ግን በየቀበሌው በጾታና በዕድሜ ተለይቶ በሚደረግ ቆጠራ ላይ መመሥረት ይገባዋል። የተገደለው እንስሳ ዕድሜም በጥርሱ ማለቅ ተለክቶ በየዓመቱ ሊመዘገብ ይገባል። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ እያነሰ ከሄደ፣ ቀንዶቹ የቱንም ያህል ቢረዝሙ ኮታው መቀነስ ይኖርበታል።