ስክሪኑን ከማዛወርሽ በፊት

ልጄ፣ የፋብሪካውን ኦፕሬተሮች ስክሪን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ የማዛወሩ ሥራ ለአንቺ እንደተሰጠ ሰማሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 በ2025 አቋርጧል። ከሥር ሆኖ ማሽኑን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ፣ ፒኤልሲው፣ ግን ሃያ ዓመት ቢያገለግል አይደንቅም። ስለዚህ ይህ ሥራ ደጋግሞ ይመጣብሻል።

፩. ምንም ሳትነኪ ባክአፕ ያዢ። እያንዳንዱን ገጽ ማሽኑ ሲሠራም፣ ሲቆምም፣ አላርም ሲጮህም ፎቶ አንሺው።

፪. የመቀየሪያው ሶፍትዌር ሥዕሉን ያሻግርልሻል፤ ታንከሩም ቧንቧውም በቦታው ይታያል። ከኋላ ያለው ስክሪፕት ግን ብዙ ጊዜ ወይ ይቀራል፣ ወይ ተሰባብሮ ይደርሳል። ፓምፕ ከማስነሳቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው መስኮት በስክሪፕት የተሠራ ከሆነ፣ አዲሱ ስክሪን ሳይጠይቅ ሊያስነሳው ይችላል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሪ። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

፫. ዝግጁ ቴምፕሌት ስትጠቀሚ የት አገር እንደተሠራ አስቢ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ደባርቅ ስትወጪ ወደ 91 ይወርዳል። ዳሸን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ጎንደር ቢራ ይጠምቃል፤ እንዲህ ባለ ፋብሪካ የብቅሉን ጭማቂ በክፍት ጋን የምታፈሊ ከሆነና «መፍላት» የሚለው ምልክት 100 ላይ ከተሞላ፣ ጋኑ ሲንተከተክ እያየሽ ስክሪኑ ገና አልፈላም ይልሻል። የግፊቱም ነገር እንዲሁ ነው። የእኛ አየር ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ዳርቻ 101 ነው። መለኪያው የአየሩን ግፊት ጨምሮ ነው ወይስ ከእሱ በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳየው? ከመሣሪያው ሰሌዳ ላይ አንብቢ፤ ከድሮው ስክሪን አትገልብጪ።

፬. የሌሊት ተረኛው አንድ አላርም ሲጮህ መዝገቡ ላይ «ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ስክሪኑ ላይ 02:00 ነው። ይህን ሁሉም ለምዶታል። አዲሱ ሰርቨር በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ግን ያው አላርም 23:00 ተብሎ፣ ያውም በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። ብልሽት ሲጣራ ተረኛው ባልሠራበት ሰዓት ተጠያቂ ይሆናል። የሰዓቱን ቀጣና በመጀመሪያው ቀን አስተካክዪ።

፭. ቀለም ላይ አትቸኩዪ። በኃይል ማመንጫና ማከፋፈያ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ቀይ ማለት ብሬከሩ ተዘግቷል፣ መስመሩ ኃይል አለው ማለት ነው፤ በብዙ ፋብሪካ ደግሞ የሚሠራ ሞተር አረንጓዴ ነው። ከጢስ ዓባይ ወይም ከበለስ ማመንጫ መጥቶ የተቀጠረ ኦፕሬተር ዓይኑ የለመደው ሌላ ነው። ገጹን ግራጫ አድርጎ ደማቅ ቀለምን ለአላርም ማስቀረት በሙያው ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ኮምፒውተሩንም ቀለሙንም በአንድ ቀን የምትቀይሪ ከሆነ በሰው ትጫወቻለሽ።

፮. ሰፊ ስክሪን አገኘሁ ብለሽ አብረው የኖሩ ቁጥሮችን አትለያዪ። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ 15 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ወደ ማጣሪያው ማማ የሚገባውና ከማማው የሚወጣው ፍሰት በአንድ ገጽ ላይ አለመታየቱ ነበር። የአንገረብን ውሃ ለከተማው የሚያጣራ ጣቢያ ገጽ ብትሠሪ፣ ገቢውንና ወጪውን ጎን ለጎን አድርጊ፤ ክረምት ላይ ድፍርሱ ሲመጣ የድፍርሰቱም ቁጥር ከአጠገባቸው ይሁን።

፯. የአማርኛ ጽሑፍ ካለ አስቀድመሽ እዪው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የተጻፈው በላቲን ቁልፎች ላይ በተደረበ ፎንት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር «ቫልቭ 3» የሚለው የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። መልሰሽ ጻፊው።

፰. አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን ይሥሩ፤ አዲሱ በመጀመሪያ ማንበብ እንጂ ማዘዝ አይፈቀድለት። ሁለቱም ማዘዝ ከቻሉ ቫልቩን ማን እንደከፈተው አይታወቅም። ሥራውን ከኮንትራክተር ጋር የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገቢ፦ የፕሮጀክቱ ፋይልና የይለፍ ቃሉ ለፋብሪካው ሳይረከብ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም። ኮንትራክተሩ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።